ሰም፣ ወርቅና መቀስ

ስለ ምሳሌያዊ አነጋገርና ስለ ሳንሱር፣ ከደብረ ታቦር ደጋ እስከ ሞስኮ የካርቱን ፊልም
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ስለ ድልድይና ስለ ግድብ፣ ስለ መንገድና ስለ ኤሌክትሪክ መነጋገር በለመደ ጉባኤ ፊት ስለ ቅኔ፣ ስለ ተረትና ለሕፃናት ስለሚሠራ የካርቱን ፊልም መናገር ያለ ቦታው የገባ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ጉዳዩ ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር ከመሐንዲስ ሙያ የራቀ አይደለም። የእንፋሎት ጋን የግፊት መለኪያ አለው። መርፌው ወደ ቀዩ መስመር ሲጠጋ ጥፋቱ የመርፌው አይደለም፤ መርፌውን ነቅሎ መጣልም በጋኑ ውስጥ ያለውን ግፊት አይቀንሰውም። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የእረኛ ዘፈን፣ የአዝማሪ ግጥምና የሊቃውንት ቅኔ የሕዝብን ብሶት የሚለኩ እንዲህ ያሉ መርፌዎች ሆነው ኖረዋል። ሳንሱር የሚባለውም መርፌውን የሚነቅለው እጅ ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ ሦስት ነገሮችን ማሳየት ነው። አንደኛ፣ ምሳሌያዊ አነጋገር በምን ዘዴ እንደሚሠራ፤ ሁለተኛ፣ ሳንሱር በሶቪየት ኅብረት የካርቱን ፊልምና በኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ላይ ምን እንዳደረገ፤ ሦስተኛ፣ ለባለቅኔ መጠለያ የሆነው ሰም ለመሐንዲስ ለምን አደጋ እንደሚሆን።

1. የሰምና የወርቅ አሠራር

ከደብረ ታቦር ከተማ አቅራቢያ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። በ1850ዎቹ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን የመሳሰሉትን የውጭ አገር የእጅ ባለሙያዎች ከአገሬው ሠራተኞች ጋር አሰባስበው መድፍ ያስቀለጡት እዚያ ነው። ወደ 7 ቶን እንደሚመዝን የሚነገርለት ሴባስቶፖል ከጋፋት ተነሥቶ፣ በየገደሉ መንገድ እየተጠረገለት በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ደርሷል። መሐንዲስ ስለ ደብረ ታቦር ሲያስብ ቶሎ የሚታወሰው ይኸው የጋፋት እቶን ነው።

ነገር ግን የማቅለጥ ጥበብ በአገሩ ከዚያ በፊትም የታወቀ ነበር። አንጥረኛ የወርቅ ጌጥ ለመሥራት ሲፈልግ በመጀመሪያ የጌጡን ቅርጽ በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው ሲደርቅ በእሳት ያሞቀዋል። ሰሙ ቀልጦ በቀዳዳው ይፈስሳል፤ ባዶ በቀረው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይገባል፤ በመጨረሻም ጭቃው ይሰበራል። ዛሬም በታላላቅ ፋብሪካዎች የተርባይን ምላሶችን የመሳሰሉ ከፍ ያለ ጥንቃቄ የሚሹ ዕቃዎች በዚሁ መርሕ ይቀረጻሉ።

የቅኔ መምህራን ለጥበባቸው ስም ያወጡት ከዚህ የአንጥረኛ ሥራ ነው። ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም ሰም፣ በውስጡ የተሰወረው ትርጉም ወርቅ ተባለ። አንድ ቃል ሁለት ፍች ተሸክሞ ሲገኝ ደግሞ ኅብር ይባላል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ቅኔ በየጊዜው አዲስ ሆኖ ይፈጠራል እንጂ ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም።

የደቡብ ጎንደር ደጋ ለዚህ ትምህርት ባዕድ አይደለም። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬ መዋሥዕት ምስክርነት በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ የታወቁ ናቸው። በፎገራ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐናም የጀመሩት አዲስ የአቋቋም ስልት በልጃቸው በአለቃ ተክሌ ስም ተጠርቶ በደብረ ታቦር ጸንቷል። ሕዝብ ግን አለቃን ይበልጥ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው። ስለ እርሳቸው በቃል ከሚተረኩት አንዱ፣ አህያ እየነዳ የሚሄድ አንድ ሰው ቢያገኙ በብዙ ቁጥር «እንደምን አደራችሁ» ብለውታል የሚለው ነው። ሰውየው ለመቆጣት መጀመሪያ አህያው ከእርሱ ጋር መቆጠሩን በራሱ አፍ መናገር ይኖርበታል። አለቃ የተናገሩት ሰላምታ ብቻ ነው።

የምሳሌያዊ አነጋገር ሞተር በሙሉ እዚህ ላይ ይገኛል። ለማስረጃ ያህል አንድ ተራ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፤ «አልጋው ነቅቶ ሳለ ባለቤቱ አልነቃም» ቢባል፣ ሰሙ አንድ የተሰነጠቀ አልጋና አንድ እንቅልፋም ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ አልጋ መኝታም ዙፋንም ነው፤ ነቃ ማለትም ተሰነጠቀ ወይም ከእንቅልፍ ተነሣ ማለት ነው። የሳንሱር ሹም ይህን ዐረፍተ ነገር ለማገድ ቢፈልግ ምክንያቱን ምን ብሎ ይጽፋል? «ዙፋኑ ተሰንጥቋል፣ ንጉሡም ተኝተዋል ይላል» ብሎ ከጻፈ ወርቁን ያወጣው እርሱ ራሱ ሆነ ማለት ነው። ዝም ካለ ደግሞ ነገሩ ያልፋል። በመሆኑም ሰም ተናጋሪውን የሚሸፍን ልብስ ብቻ ሳይሆን፣ ሸክሙን ከተናጋሪው ትከሻ ወደ ከሳሹ ትከሻ የሚያዛውር መሣሪያ ነው።

2. «እረኛ ምን አለ?»

የቀድሞ ገዥዎች ይህን ኃይል በሚገባ ያውቁት ነበር። «እረኛ ምን አለ? አዝማሪ ምን አለ?» እያሉ መጠየቅ የመኳንንትና የነገሥታት ልማድ እንደ ነበር በአፈ ታሪክ ይነገራል። ለጌታው ፊት ለፊት ለመናገር የማይደፍር ባላገር፣ እረኛው ልጁ በተረተር ላይ ሆኖ ሲያንጎራጉር ብሶቱ ይሰማለታል። እረኛ ሕፃን ነው፤ አያስቀጣም። አዝማሪም በግብዣ መካከል ጌታውን እያወደሰ መርዙን ጣል ቢያደርግ፣ መቆጣት የባለቤቱን ትንሽነት ማሳየት ስለሚሆን ብዙ ጊዜ በሽልማት ይታለፋል። ነሐሴ 13 ቀን በሚውለው የደብረ ታቦር በዓል፣ ከበዓሉ ዋዜማ ጀምሮ፣ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ በየደጁ ሲጨፍሩ የሰጠውን ያወድሳሉ፤ የነፈገውን ይነቅፋሉ። ሕፃንነት፣ ጨዋታና በዓል፣ ሦስቱም የተፈቀዱ የመናገሪያ ቀዳዳዎች ነበሩ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። «እረኛ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ገዥ ደግ ገዥ ነው ማለት አይደለም። የሕዝቡን ስሜት ማወቅ ለራሱ ሥልጣን እንደሚጠቅመው የተረዳ ብቻ ነው። መርፌውን ያነባል እንጂ አይነቅልም።

መርፌውን የነቀለው ባዕድ ወራሪ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ በመጋቢት ወር ግራዚያኒ ወደ ሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም በአዲስ አበባና በአካባቢዋ የሚገኙ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች ተይዘው እንዲገደሉ ማዘዙን አስታወቀ፤ እስከዚያው ቀን ድረስ 70 ያህል መገደላቸውንም ገለጸ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሳንሱር የለም። መሰንቆ የያዘ ሰው ከጠመንጃ ጋር እኩል የተፈራበት ጊዜ ነበር። ይሁንና አርበኝነቱ በአዝማሪዎች መገደል አልበረደም፤ የወራሪው መንግሥት ያጣው የሚቀጣጠለውን እሳት አስቀድሞ የሚሰማበትን ጆሮ ነው።

3. የሞስኮው የካርቱን ፊልም

በ1970ዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደው ተምረዋል። ከእነርሱ መካከል በማደሪያቸው ቴሌቪዥን የሩሲያን የካርቱን ፊልም ያላየ ይኖራል ለማለት ያስቸግራል። ሶዩዝሙልትፊልም የተባለው የሞስኮ ስቱዲዮ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሆን፣ ዋና ተግባሩ ለሕፃናት ፊልም ማዘጋጀት ነበር። በዚያች አገር ከ1922 ጀምሮ ግላቭሊት የተባለ የሳንሱር መሥሪያ ቤት ነበረ፤ ፊልም ደግሞ በስቱዲዮው የሥነ ጥበብ ምክር ቤትና በመንግሥት የሲኒማ ኮሚቴ ተመርምሮ ማለፍ ነበረበት። ሆኖም ድብና ጥንቸል የሚናገሩበት የልጆች ሥዕል ከሌላው ፊልም ያነሰ ጥርጣሬ ይቀሰቅስ ነበር። የካርቱን ሠሪው በዚህ ቀዳዳ ተጠቀመ። የደብረ ታቦር ልጆች በበዓል ቀን የሚያገኙት ፈቃድ በሞስኮ በአሥር ደቂቃ ፊልም ውስጥ ተገኘ ማለት ነው።

ፊዮዶር ሂትሩክ የተባለው አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1966 «ሰው በክፈፍ ውስጥ» የሚል ፊልም ሠራ። ባለታሪኩ ሕይወቱን በሥዕል ክፈፍ ውስጥ ሆኖ የሚገፋ ባለሥልጣን ነው። ሹመቱ ከፍ ባለ ቁጥር ክፈፉ እየወፈረና እያጌጠ ይሄዳል፤ በመጨረሻ የሚታየው ክፈፉ እንጂ ሰውየው አይደለም። በዚያው ዓመት አንድሬይ ህርዣኖቭስኪ የተባለ ወጣት አዘጋጅ ስለ ኮዝያቪን የተባለ ጸሐፊ ፊልም አወጣ። አለቃው ሲዶሮቭ የተባለውን ሰው ፈልግ ብሎ በጣቱ አቅጣጫ ያሳየዋል። ኮዝያቪን ጣቱ በተጠቆመበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ባሕርና በረሃ አያቆመውም፤ ዓለምን በሙሉ ዞሮ ሲዶሮቭን ሳያገኝ ወደ ቢሮው ይመለሳል። በማናቸውም አገር በመሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ኮዝያቪንን ያውቀዋል።

እነዚህ ሁለት ፊልሞች ታይተዋል። ሦስተኛው ግን ታገደ። ህርዣኖቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1968 ያጠናቀቀው «የብርጭቆ ሃርሞኒካ» ወርቅ በሚያመልክ ገዥ ሥር ስላለች ከተማ ይተርካል። አንድ ሙዚቀኛ ከብርጭቆ የተሠራ መሣሪያ ይዞ ይገባል፤ ዜማውን የሰማ ሰው ቀና ይላል። ጥቁር ካፖርትና ክብ ባርኔጣ የለበሰ ሹም ሙዚቀኛውን ይይዘዋል፤ መሣሪያውም ይሰበራል። የከተማው ሰዎች ሳንቲም ሲሻሙ ፊታቸው ወደ አውሬ ፊት ይለወጣል። ሙዚቃውን የደረሰው አልፍሬድ ሽኒትኬ ነበር። ፊልሙ የተፈጸመበት ዓመት የሶቪየት ታንኮች ወደ ፕራግ የገቡበት ዓመት ነው።

የሳንሱሩ አሠራር እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። በፊልሙ መግቢያ ላይ ታሪኩ የሚመለከተው የቡርዥዋውን ኅብረተሰብ እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ተጨመረበት። ከላይ በተገለጸው ቋንቋ፣ በሰሙ ላይ ሌላ ሰም ተለበጠ ማለት ነው። ነገር ግን ይህ አልበቃም። ጽሑፉ ራሱ «ይህ ሹም የእኛ አይደለም» የሚል መሐላ ስለሆነ፣ መሐላው ጥርጣሬውን አጠነከረው። ፊልሙ መደርደሪያ ላይ ተጣለ፤ አዘጋጁም ለሁለት ዓመት ባሕር ኃይል እንዲያገለግል ተላከ። ሕዝብ «የብርጭቆ ሃርሞኒካ»ን ለማየት የቻለው 20 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ሥርዓቱ ራሱ በተዳከመበት ጊዜ ነው።

ዩሪ ኖርሽቴይን እ.ኤ.አ. በ1979 የፈጸመው «የተረቶች ተረት»ም ከሕፃናት እሹሩሩ የተወሰደውን የመጀመሪያ ርእሱን ተነጥቋል። ፊልሙ የጦርነት ጊዜን፣ ወደ ግንባር ሄደው ያልተመለሱ ወንዶችንና በባዶ ቤት ብቻውን የቀረ አንድ ግራጫ የተኩላ ግልገል ያሳያል። በውስጡ አንድም የፖለቲካ ቃል የለም። ኮሚቴውን ያስጨነቀው ምን ለማለት እንደተፈለገ በአንድ ዐረፍተ ነገር ለመናገር አለመቻሉ ነበር። ሳንሱር ከተቃውሞ እኩል የሚፈራው ነገር ቢኖር ትርጉሙ የማይጨበጥ ውበት ነው።

4. በኢትዮጵያ መጻሕፍት ላይ የደረሰው

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የንግግርና የጋዜጣ ነፃነት በሕግ መሠረት የተጠበቀ መሆኑን ይደነግግ ነበር። በተግባር ግን ማናቸውም መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት በመንግሥት ሹም እጅ ማለፍ ነበረበት። ከዚህ ዘመን ጎልቶ የሚጠቀሰው የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ነው። አቤ ጉበኛ በጎጃም ተወልዶ በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ነበር። በ1955 ዓ.ም. በወጣው በዚህ መጽሐፍ ባለታሪኩ በእናቱ ማሕፀን ውስጥ ያለ ጽንስ ነው። ጽንሱ ግፍ ወደ ሞላበት ዓለም አልወጣም ብሎ ይሟገታል።

ምሳሌው ከቅኔ ቤት የተወረሰውን ጥበብ በግልጽ ያሳያል። እረኛ ሕፃን ስለሆነ አያስቀጣም ነበር፤ አቤ ጉበኛ ደግሞ ከእረኛም ዝቅ ብሎ ገና ያልተወለደውን አናገረ። ያልተወለደ ሰው ዜግነት የለውም፤ ሊታሰርም ሆነ ሊጋዝ አይችልም። ደራሲው ግን ተወልዷል። መጽሐፉ ለሽያጭ ከዋለ በኋላ ታገደ፤ አቤ ጉበኛም በኋላ ወደ ኢሉባቦር ተግዞ ነበር። የሰሙ ሽፋን ለባለታሪኩ ሲበቃ ለደራሲው አልበቃም።

በዚሁ ዘመን ሌላ መንገድ ተገኘ፤ መንገዱም የሚነሣው ከደብረ ታቦር ነው። በጎንደር የተወለደው ብርሃኑ ዘሪሁን፣ ከአዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ጋዜጠኝነት የገባ በመሆኑ ለዚህ ጉባኤ የቅርብ ዘመድ ነው ሊባል የሚችል ሰው፣ በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን አሳተመ። አቤ ጉበኛም በ1961 ዓ.ም. ስለዚሁ ንጉሥ «አንድ ለናቱ»ን ጻፈ። ያለፈ ንጉሥን ማወደስ ክልክል አልነበረም። ይሁንና በትውልዱ ሳይሆን በክንዱ ዘውድ የጫነን፣ መሳፍንትን የሰበረን፣ በጋፋት ለሥራ የተነሣሣን፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጅ ከመስጠት ሞትን የመረጠን ንጉሥ ማወደስ፣ ለሚገባው አንባቢ ሌላም ነገር ይነግረዋል። ዙፋን በውርስ ብቻ እንደማይገኝና ንጉሥም በሥራው እንደሚመዘን የሚናገር ታሪክ ነውና። ታሪክ ራሱ ሰም ሆነ። ሹሙ ይህን ሰም ለማገድ የአገሩን ታሪክ ማገድ ነበረበት።

በፊልምም በኩል የጎንደር ተወላጁ ኃይሌ ገሪማ ለውጡ በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. በአገር ቤት የቀረጸውና እ.ኤ.አ. በ1976 ለዕይታ የበቃው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ሊጠቀስ ይገባል። በዚህ ፊልም ውስጥ እውነቱን ሳይፈራ በጌታው ፊት የሚጮኸው ከበበ የተባለው እብድ ነው። ሕፃን፣ ጽንስ፣ እብድ፣ የሞተ ንጉሥ፤ ፊት ለፊት መናገር በማይቻልበት አገር እውነት የምትኖረው በእነዚህ አንደበት ነው።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ሥርዓቱ ተለወጠ እንጂ መቀሱ አልተጣለም። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ሲያሳትም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። መጽሐፉ በ1974 ዓ.ም. በአሥመራ የተጀመረውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ አድርጎ፣ አንባቢ በቀላሉ የሚያውቃቸውን ሹማምንት በሌላ ስም ያቀርባል። በዚህ ላይ ከ«አልወለድም» ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። በ«ኦሮማይ» ሰሙ እጅግ ሳስቷል፤ ወርቁ በሰሙ ውስጥ ያበራል። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተሰናበተ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። በዓሉ ግርማ የሳንሱሩን ቤት ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ስለነበር ሰሙን ማወፈር አልቻለም ነበር ማለት አይቻልም። እንዲያውም ላለማወፈር የመረጠ ይመስላል። አንድ ሰው የሚያውቀውን በስሙ ለመጥራት ሲወስን የሚከፍለው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የእርሱ ታሪክ ይመሰክራል።

ከዚያ በኋላ በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ቅድመ ምርመራን አስቀረ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ሳንሱር በማናቸውም መልክ የተከለከለ መሆኑን ደነገገ። ይህ ትልቅ እርምጃ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ከአዋጁ በኋላም በጻፉት የታሰሩና አገር ጥለው የተሰደዱ ብዙዎች ናቸው። መቀሱ ከሹሙ ጠረጴዛ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ወደ ጸሐፊው ልብ ይገባል። ማንም ሳያዘው አስቀድሞ የራሱን ቃል የሚቆርጥ ሰው የሳንሱር ፍጹም ሠራተኛ ነው፤ ደመወዝም አይጠይቅም።

5. ሰም የማይፈቀድበት ቦታ

እስከዚህ ድረስ የተባለው ሁሉ ሰምን የሚያወድስ ሊመስል ይችላል። ሰም ግን ዋጋ ያስከፍላል። ለዘመናት በሰም መናገር የለመደ ኅብረተሰብ፣ በሰም መናገር በማይገባበት ቦታም በሰም ይናገራል። በመሐንዲስ ማኅበር ጉባኤ ፊት መነገር ያለበት ዋና ነገር ይህ ነው።

የሶቪየት ሳንሱር የቆረጠው ካርቱን ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1975 በሌኒንግራድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ በአንድ ሪአክተር ላይ የደረሰው ጉዳት ዝርዝሩ በምስጢር ተያዘ። በ1983 በኢግናሊና ጣቢያ በተደረገ ሙከራ፣ የዚያው ዓይነት ሪአክተር የማቆሚያ ዘንጎች ገና መውረድ ሲጀምሩ ኃይሉን ለአፍታ ሊጨምሩት እንደሚችሉ ታየ። ይህ ለማናቸውም መሐንዲስ የሚያስደነግጥ ነው፤ ፍሬን ሲረገጥ መኪናው መጀመሪያ ይፈጥናል እንደ ማለት ነውና። ሆኖም ንድፉ ሳይታረም፣ በሥራ መመሪያው ላይም አደጋው በሚገባ ሳይገለጽ ቀረ። ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ሌሊት በቼርኖቢል የማቆሚያውን ቁልፍ የተጫኑት ሠራተኞች ይህን በቅጡ አያውቁም ነበር። በአጠገቡ ያለችው የፕሪፕያት ከተማ ሕዝብም ተነሡ የተባለው ከአንድ ቀን በላይ ቆይቶ ነው። «የብርጭቆ ሃርሞኒካ»ን መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠው ልማድና የኢግናሊናን ውጤት ያደበዘዘው ልማድ ወንድማማቾች ናቸው። የመጀመሪያው አንድ የጥበብ ሥራ ለ20 ዓመት አሳጣ፤ ሁለተኛው ሰው ገደለ።

ኢትዮጵያም የራሷ ምሳሌ አላት። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ሲበረታ መንግሥት ነገሩን ሸፈነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሥፍራው ድረስ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ለተማሪዎች አሳዩ፤ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልምም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በለንደን ታየ። ይህ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር ተቀጣጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተላለፈው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ነበር። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ከአሥር ዓመት በኋላም አዲሱ መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድምቀት ሲያከብር የሰሜኑ ረሃብ ገና በይፋ አልተነገረም ነበር፤ ዓለም የኮረምን ሁኔታ ያየው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. በውጭ አገር ቴሌቪዥን ነው። በሁለቱም ጊዜ የዝናቡ መጠንና የእህሉ ዋጋ የሚያውቀው ባለሙያ አልጠፋም። የጠፋው ቁጥሩ በቁጥርነቱ እንዲነገር የሚፈቅድ ሥርዓት ነው።

ወደ ደቡብ ጎንደር ደጋ ሲመለሱ ነገሩ የበለጠ ይጨበጣል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ የደጋውን አፈር ጠርገው ወደ ፎገራ ሜዳ ይወርዳሉ፤ ክረምቱ ሲበረታ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። በምሥራቁ በኩል ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ድርቅ የሚመላለስባቸው ወረዳዎች ናቸው። በእንዲህ ያለ አገር የሚሠራ መሐንዲስ የድልድይ ምሰሶ መሠረቱ እየተሸረሸረ መሆኑን ሲያይ «አንዳንድ ትኩረት የሚሹ ጉዳዮች ተስተውለዋል» ብሎ ቢጽፍ፣ ሰም ተናግሯል። አለቃው ወርቁን ላለማየት ይመርጣል፤ አላየሁም ለማለትም ማስረጃ አለው። ተጠያቂነቱን ከተናጋሪው ወደ ሰሚው የሚያዛውረው ያ ውብ መሣሪያ፣ በቴክኒክ ሪፖርት ላይ ሲውል ተጠያቂነቱን ከሁሉም ላይ ያነሣዋል። ጎርፉ ግን ቅኔ አልተማረም። ውኃ የሚያነበው የመሠረቱን ጥልቀት ብቻ ነው።

ይህ ሲባል ሪፖርቱን ያለሰለሰውን ወጣት መሐንዲስ ለመውቀስ አይደለም። ቀጥተኛ ቃል ሥራን፣ ደረጃ ዕድገትን፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠውን እንደሚያስከፍል ከላይ የተጠቀሱት ታሪኮች ያሳያሉ። አንድ ሰው ብቻውን የማይሸከመውን እውነት ለመሸከም ነው ማኅበር የሚያስፈልገው። ማኅበሩ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ቢያንስ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ አባሉ የሕዝብን ደኅንነት የሚነካ ጉድለት ሲያገኝ በመጠንና በቁጥር ለይቶ የሚጽፍበትን የሪፖርት ደንብ ማውጣትና ያንን ደንብ የሙያው ግዴታ ማድረግ ነው፤ ግዴታ የሆነ ነገር እንደ ድፍረት አይቆጠርምና። ሁለተኛው፣ አባሉ ስለ ጻፈው እውነት ሲጠየቅ ጥያቄው በማኅበሩ ስም እንዲመለስ፣ ፊርማውም የአንድ ሰው ሳይሆን የባልደረቦቹ እንዲሆን ማድረግ ነው።

በአንጻሩ ባለቅኔው፣ አዝማሪውና የካርቱን ሠሪው ሰማቸውን ይያዙ። እነርሱ የሚለኩት ግፊት በሌላ መሣሪያ አይለካም። የእነርሱን ሰም ለመስበር ከመጣደፍ ይልቅ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ለገዥም ለተገዥም የተሻለ መሆኑን የአዝማሪዎቹ፣ የ«አልወለድም»ና የ«ኦሮማይ» ታሪክ አስተምሯል። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ አብረው ይኑሩ፤ በግድብ፣ በድልድይና በኃይል ማመንጫ መዝገብ ላይ ግን ወርቁ ብቻ ይጻፍ።